በፎቶው ጥግ የታየችው ሴትዮ

ከተማው ውስጥ ፎቶ የሌላት ሴት ብትፈለግ የምትገኘው የፎቶ አንሺው ሚስት ናት። ነገሩ ለሰሚው ቀልድ ይመስላል፤ እሷ ግን መሳቅ ከተወች ቆይታለች።

ባሏን ሰው ሁሉ ጋሽ ፎቶ ይለዋል። ፎቶ ቤቱ ከገበያው ወደ ማዘጋጃ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በጫማ ሰፊውና በመድኃኒት ቤቱ መሃል የተሰነቀረ ጠባብ ክፍል ነው። ከፊት ባንኮኒ፣ ከባንኮኒው ኋላ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ኋላ በርጩማ አለ፤ ከበርጩማው ጎን ደግሞ ሚስትየው ነጭ አቡጀዲ ይዛ ትቆማለች። ባልየው ዓይኑን ካሜራው ላይ ተክሎ «ብርሃን!» ይላል። እሷ አቡጀዲውን በሁለት እጇ ወጥራ የመስኮቱን ብርሃን የተቀመጠው ሰው ፊት ላይ ትመልሳለች። ካሜራው ቀጭ ይላል። «በቃ» ይላል ባልየው። የተቀመጠው ሰው ትንፋሹን ይለቃል፤ እሷ አቡጀዲውን ግራ ትከሻዋ ላይ ጣል ታደርጋለች። በትዳራቸው ከእነዚህ ከሁለቱ ቃላት የበለጠ ሲነገር የኖረ ቃል የለም ብል ሐሜት አይሆንብኝም።

ደንበኞች «ብርሃን!» ሲል እየሰሙ ስሟ መስሏቸው እትዬ ብርሃን ይሏታል። እሷም ማረሙ ስለሰለቻት አቤት ትላለች። የከተማው ሙሽራ ሁሉ ጉንጩ የፈካው፣ የከተማው ሹም ሁሉ ከዓይኑ ሥር ያለው ጥቁረት የጠፋለት በእሷ ክንድ ነው። ሰው ፎቶውን ሊወስድ ሲመጣ ግን «ጋሽ ፎቶ እጅህን ይባርከው» ብሎ ይሄዳል። እሷን የሚያስታውስ ቢኖር «እዚያ ጥጉ ላይ ጨርቅ የሚዘረጋው ማን ነበር?» የሚል ነው።

ለራሷ መታወቂያ ጉርድ ፎቶ ያስፈለጋት ጊዜ ባሏ የሠርጋቸውን ፎቶ አወጣና ከጎኑ በመቀስ ቆርጦ ሰጣት። እስከ ዛሬ መታወቂያዋ ላይ በአንድ በኩል የእሱ የኮት እጅጌ አብሯት አለ። ፖሊስ ባየው ቁጥር «ይሄ የማን እጅ ነው?» ይላታል። «የአንሺው» ትለዋለች።

«አንተ ሰው፣ አንሳኝ እንጂ» ባለችው ቁጥር መልሱ አንድ ነው። «ላነሳሽስ አነሳሽ ነበር፤ ብርሃኑን ማን ይይዝልኛል?» ይህን ሲል እያሾፈ አይደለም። ከልቡ የሚያሳስበው እሱ ነው። እንደ እሷ ብርሃን የሚይዝ ሌላ ሰው የተፈጠረ አይመስለውም። ድሮ ድሮ ይህን ስትሰማ እንደ ፍቅር ቃል ትቆጥረው ነበር፤ ኋላ ላይ ግን ምክንያት መሆኑ ገባት።

ባልና ሚስቱ አንዲት ሴት ልጅ አለቻቸው፤ ሌላ ከተማ አግብታ ትኖራለች። የልጅ ልጃቸው አፏን ፈትታ «አያቴ የታለች?» ማለት ስትጀምር እናቷ በየሳምንቱ መደወል ያዘች። «እማዬ፣ በድምፅ ብቻ እንዴት ትወቅሽ? አባዬ አገር ያነሳ የለ እንዴ? አንቺን አንስቶሽ ይላክልኝ።» የጎረቤት ስልክ ቢያነሳት ባልከፋ ነበር። ነገር ግን የፎቶ አንሺ ሚስት በጎረቤት ስልክ ስትነሳ ለባሏ ውርደት ነው፤ ለእሷ ደግሞ ከዚያ የባሰ ነው። እሷ የፈለገችው ፎቶ ብቻ አይደለም። ያ የሰውን ሁሉ ፊት በትዕግሥት የሚያጠና ዓይን አንዴ እንኳ እሷ ላይ እንዲያርፍ ነው የፈለገችው።

ነገሩ እንዲህ እንዳለ ማዘጋጃ ቤቱ አሮጌው መቃብር ቦታ ላይ መንገድ ለማውጣት ወሰነ። አጽሙ ወደ አዲሱ ቦታ ይዛወራል፤ ለዚህም እያንዳንዱ መቃብር ቁጥር ተሰጥቶት ፎቶ ይነሳና ቤተሰብ መጥቶ የራሱን ይለያል። ሥራው ለጋሽ ፎቶ ተሰጠ። ሰውየው የዚያን ቀን ከወትሮው ረዝሞ ቤቱ ገባ።

መቃብር ቦታው ሁለት ዓይነት ነው። በላይ በኩል ትልልቅ ዛፎች ያጠሉበት፣ የእብነ በረድ ሐውልት የተደረደረበት የባለጸጎቹ ሰፈር አለ። በታች በኩል ደግሞ ፀሐይ የሚፈጀው፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተቆለለበት የሌላው ሰው ሰፈር ነው። ሰው ሞቶ እንኳ ጥላና ፀሐይ ይከፋፈላል፤ ይህን ያየሁት እኔ ብቻ አይደለሁም።

ጋሽ ፎቶ አዲሶቹን ካሜራዎች አይወድም፤ «እነሱ አያነሱም፣ ይገለብጣሉ» ይላል። ስለዚህ አሮጌውን የፊልም ካሜራ በባለሦስት እግሩ አስቁሞ ጠዋት ጠዋት ሥራውን ተያያዘው። ሚስትየው ሐውልቱን ትጠርጋለች፣ ቁጥር የተጻፈባትን ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ከሥሩ ታስደግፋለች፣ ከዚያ ፀሐይ ወዳለበት ፈቀቅ ብላ ጽሑፉ እንዲነበብ ብርሃን ትመልሳለች። ቀጭ ሲል አቡጀዲውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ ወገቧን በአንድ እጇ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ ሰሌዳዋን ታነሳለች። ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይባል። በጥላው ሰፈር ብርሃን ስለሚያንስ ካሜራው ዓይኑን ገልጦ ጥቂት መቆየት አለበት፤ አንዴ ቀጭ ብሎ ይከፈታል፣ ቆይቶ ደግሞ ቀጭ ብሎ ይዘጋል። በዚህ መሃል ጋሽ ፎቶ ሐውልቱን አያይም፤ የእጅ ሰዓቱን ነው የሚያየው። «በቃ» ማለትንም ትቷል። ሙታን ትንፋሻቸውን አምቀው አልተቀመጡ፣ ለማን ይበል? ደግሞም መቃብር ቦታ ላይ መጮህ ነውር መስሎታል። ሚስቱ ግን ዕድሜዋን ሙሉ የምታውቀው አንዲቱን ቀጭታ ነው። ቀጭ አለ ማለት ለእሷ አለቀ ማለት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዋን እንደሰማች ትገባለች፣ ጎንበስ ትላለች፣ ሰሌዳዋን ታነሳለች፣ ትወጣለች። ሁለተኛዋ ቀጭታ ከኋላዋ ትመጣለች። እሱ ሰዓቱን፣ እሷ ወገቧን ሲያዳምጡ ሥራው አለቀ።

ፊልሙን ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ ወስዶ ትልቅ ከተማ ላይ አሳጠበውና ፎቶዎቹ እንደመጡ በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ተለጠፉ። ቤተሰብ ተጠራ። በመጀመሪያው ጠዋት ከሰው ሁሉ ቀድሞ የገባው የብረት ነጋዴው ነው፤ ሚስማርና ቆርቆሮ የሚቸረችር፣ ድምፁ ከገበያው ጫፍ እስከ ጫፍ የሚሰማ ሰው። የእናቱ ሐውልት ፎቶ ፊት ቆመ። ከዚያ ያ ድምፁ ጠፋና ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ።

በፎቶው ላይ፣ ከሐውልቱ አጠገብ፣ አንዲት ሴት አለች። ድንጋዩ በሰውነቷ ውስጥ አልፎ ይታያል። ነጭ ነገር ተከናንባለች። አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ፣ ወደ መቃብሩ ጎንበስ ብላለች።

«እናቴ ናት» አለ የብረት ነጋዴው። «ከመቃብሯ ልትነቀል መሆኑን ሰምታ ታለቅሳለች።»

ከዚያ በኋላ አዳራሹ ውስጥ የሆነውን መግለጽ ያስቸግራል። ሰው ሁሉ ወደየራሱ ፎቶ ሮጠ። ያችው ሴት የዳኛው አባት መቃብር ላይም አለች። የባለ ወፍጮው አያት ሐውልት ላይም፣ የጡረተኛው ኮሎኔል አማት ዘንድም ጎንበስ ብላለች። በጥላው ሰፈር ብዙዎቹ ጋ አለች፤ በፀሐዩ ሰፈር ግን አንድም ቦታ የለችም። ይህም ከተማውን ቅንጣት አላስገረመውም። መንፈስም ቢሆን የሚገባበትን ቤት ያውቃል ብሎ ነው ያሳለፈው።

ሚስትየው ወሬውን ሰምታ ከባሏ ጋር ወደ አዳራሹ ሄደች። የብረት ነጋዴውን እናት ፎቶ አየች። ወገቡን ያዝ ያደረገውን እጅ አወቀችው። ግራ ትከሻ ላይ የተጣለውን አቡጀዲ አወቀችው። ይባስ ብሎ በዳኛው አባት ፎቶ ላይ እግሯ ቆም ስላለ ተረከዙ የተረገጠ ሸራ ጫማዋ ቁልጭ ብሎ ወጥቷል። ያንኑ ጫማ ተጫምታ ነው የቆመችው። ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ዞር ስትል ባሏ ማጉያ መነጽሩን አውጥቶ ፎቶው ላይ ተደፍቷል። አፏን መልሳ ዘጋችው። እስቲ ይወቀኝ አለች በሆዷ። አብሮኝ ያረጀ ሰው ነው፣ አሁን ያውቀኛል። ካወቀኝ ሌላው ሁሉ ይቅርብኝ።

ጋሽ ፎቶ ቀና አለና «ምስጢር ነው» አለ።

ቀኑ ሲሄድ ምስጢሩ ተስማማው። መጀመሪያ የሥራ ስሕተት ይሆናል ብሎ ሐሳብ ገብቶት ነበር። ነገር ግን ሰው በመንገድ ላይ እያስቆመ «መንፈስ የሚነሳልህ ሰው አንተ ነህ?» ሲለው ሐሳቡ ለቀቀውና ደረቱ ተነፋ። የማዘጋጃ ቤቱ ሕዝብ ግንኙነት፣ ከረባቱን ሳያስር ስልክ እንኳ የማያነሳው ሰውዬ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ነገሩን እንደማያረጋግጥና እንደማያስተባብል፣ በሁለቱም በኩል ግን ጥብቅ ክትትል እንደሚያደርግ መግለጫ ሰጠ። መንፈስ የወጣላቸው ቤተሰቦች አረማመዳቸው ተለወጠ። ያልወጣላቸው ደግሞ ፎቶ ቤቱ እየመጡ «የኛ አባት ምን ቢበድል ነው?» ብለው ይከራከራሉ። አንዷ ወይዘሮ አማቷ ቀናተኛ ሴት ስለነበረች ሆን ብላ ከፎቶው እንደቀረች አስረዳች።

ሚስትየው ባሏን ልትረዳው ሞከረች። ባንኮኒው ላይ በማጉያ ሲያጠና አቡጀዲውን ግራ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ አጠገቡ ማንኪያ ጣለች። አንድ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። ጎንበስ ብላ፣ በጣም ቀስ ብላ፣ ማንኪያውን አነሳች።

«ትንሽ ፈቀቅ በይ» አላት ቀና ሳይል። «ብርሃኑን ከለከልሽኝ።»

በዚያው ሰሞን የብረት ነጋዴው የእናቱን ፎቶ በትልቁ አሳጥቦ፣ ባለ ወርቅ ቀለም ፍሬም አዝዞ መጣ። እናቱ በሕይወት ሳሉ ከመጋዘኑ በላይ ያለችውን ክፍል ለዕቃ ስላስፈለገው ወደ እህቱ ቤት የሸኛቸው እሱ ነው፤ ሐውልታቸውንም ያን ዕለት ሚስትየው ስትጠርገው ሣሩ እስከ ጉልበቷ ደርሶ ነበር። አሁን ግን ፎቶው ፊት ቆሞ በመሀረብ ዓይኑን ይጠርጋል። የጋሽ ፎቶ ሚስት ፎቶውን በደረቷ ከፍ አድርጋ ያዘችለት። ፊቷ ከፍሬሙ በላይ፣ ሸራ ጫማዋ ከፍሬሙ በታች ነው።

«አየሽ እትዬ ብርሃን፣ አጎንባበሷን አየሽ? እንዲህ ያለ አጎንባበስ የእሷ ብቻ ነበር።»

«አየሁ» አለችው።

«ጭንቅላትሽን ትንሽ ዝቅ አድርጊው» አላት እንባውን እየጠረገ። «እየጋረድሽኝ ነው።»

ዝቅ አደረገችው፤ የለመደ አንገት ነው።

ልጇ የደወለችው በማግስቱ ነው። ፎቶው ከስልክ ወደ ስልክ እየዘለለ እሷ ጋ ደርሷል፤ «በአሮጌው መቃብር የታየችው እመቤት» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበታል። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመችም። «እማዬ፣ መቃብር ቦታ ምን ትሠሪያለሽ? ያ ወገብሽ አሁንም ያምሻል እንዴ? ታከሚ ስልሽ!»

ሚስትየው ስልኩን እንደያዘች በርጩማው ላይ ተቀመጠች። «ያመኛል ልጄ» አለቻት። «ትንሽ ያመኛል።»

ልጇ እንዲያ ደብዝዞ ከወጣ ፎቶ ላይ፣ ከሌላ ከተማ ሆና፣ በመጀመሪያው እይታ አወቀቻት። ታዲያ ማጉያ የያዘው ምን ሆኖ ነው? ከዚያ በኋላ ዝም ማለቱ አልሆንልሽ አላት።

ማዘጋጃ ቤቱ ስብሰባ ጠራ። መድረኩ ላይ ሕዝብ ግንኙነቱ ከነከረባቱ ተቀምጧል፤ ከጎኑ ማንም ሳይጠራው የመጣ ተመራማሪ ነኝ ባይ፣ እየጮኸች መብራት የምታበራ ትንሽ መሣሪያ ይዞ ተሰይሟል። መሣሪያዋ መንፈስ ሲቀርብ ትጮኻለች ተብሏል፤ አዳራሹ ውስጥ የጮኸችው ግን ሕዝብ ግንኙነቱ ስልኩን ባወጣ ቁጥር ነው። አጀንዳው መንገዱ ይቁም ወይስ ይቀጥል የሚል ነበር። የብረት ነጋዴው ሽንጡን ገትሮ እናቴ አትነካም ሲል ሚስትየው ከኋላ ወንበር ተነሳች።

«ያቺ ሴትዮ እኔ ነኝ» አለች። «መንፈስ አይደለችም። የቁጥሩን ሰሌዳ ላነሳ ነው የጎነበስኩት። ያው ጫማው፣ እዩት።»

እግሯን ወጣ አድርጋ አሳየች። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ።

«እትዬ ብርሃን» አለ የብረት ነጋዴው፣ ሳቁ ወደ ቁጣ ሲዞር እየታየ፣ «አክብሬሽ ነው የምኖረው። ሰው እንዴት በሙት ይቀናል? እናቴን ካንቺ የማልለይ መሰለሽ?»

ተመራማሪው ጉሮሮውን ጠረገ። መንፈስ ሲገለጥ በአካባቢው ያገኘውን ልብስና ጫማ እንደሚዋስ፣ ይህም በሙያው የታወቀ መሆኑን አብራራ። ሕዝብ ግንኙነቱም እፎይ አለና ወደ ፊተኛው ወንበር ዞረ። «ጋሽ ፎቶ፣ ባለሙያው እርስዎ ነዎት። ፎቶው ላይ ያሉት ባለቤትዎ ናቸው?»

ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። እሱ ወደ ኋላ ተመለከተ፤ እሷም አየችው። በዚያች ቅጽበት ስንት ነገር በጭንቅላቱ እንዳለፈ የሚያውቀው እሱ ነው። አዎ ቢል ያልተጠራ ሰው የሚገባበት ፎቶ የሚያነሳ፣ ሥራውን የማያውቅ አንሺ ሊባል ነው። «መንፈስ የሚነሳልህ ሰው» መባሉም ይቀራል።

«የኔ ሚስት» አለ አፉን ሞልቶ፣ «ፎቶ ውስጥ ገብታ አታውቅም።»

ምስጋና ያመሰገናት መስሎታል። አዳራሹ አጨበጨበለት። እሷ ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ ከጭብጨባው በኋላ ስትወጣ ማንም አላያትም።

በማግስቱ ጠዋት ለጉርድ ፎቶ የመጣ ሰው በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ጋሽ ፎቶ ዓይኑን ተከለና «ብርሃን!» አለ። ምንም የለም። ደግሞ «ብርሃን!» አለ። ሚስትየው ባንኮኒው ላይ ተደግፋ መንገዱን እያየች ነው። አቡጀዲው ታጥፎ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል።

«አልሰማሽም እንዴ?»

«መንፈስ ነው የሚይዝልህ» አለችው። «እኔ ፎቶ ቤት ገብቼ አላውቅም።»

ያን ሰሞን ከፎቶ ቤቱ የወጣ ጉርድ ፎቶ ሁሉ ግማሽ ፊቱ ጨለማ ነው። አንድ ሰው በዚያ ፎቶ መታወቂያ ሊያወጣ ሄዶ ሌላውን ጉንጭህን አምጣ ተብሎ ተመለሰ። ጋሽ ፎቶ ግን ኩራቱን ይዞ ማንሳቱን ቀጠለ።

ማዘጋጃ ቤቱ በበኩሉ ነገሩን ለማጣራት ኮሚቴ አቋቋመ። የብረት ነጋዴው እናት ሐውልት ኮሚቴው ባለበት እንደገና ፎቶ ይነሳ ተባለ። ጠዋት ላይ ሁሉም ሱፉን ለብሶ ዛፎቹ ሥር ተሰለፈ። አቡጀዲውን ሕዝብ ግንኙነቱ ያዘ፤ ሰንደቅ ዓላማ እንደያዘ ሰው ቀጥ ብሎ፣ ብርሃኑን ወደ ሰማይ እየመለሰ። ሰሌዳዋን ጋሽ ፎቶ ራሱ አስደገፈ። ተመልሶ ካሜራውን ከፈተ፤ ቀጭ አለ። እንደ ልማዱ ዓይኑን ሰዓቱ ላይ ጣለ።

አንድ ነገር ጎደለበት። መጀመሪያ ምን እንደሆነ አላወቀውም። ሰዓቷ ትሄዳለች፣ ዛፎቹም ያው ናቸው፣ ግን ጆሮው የሚጠብቀው ነገር ቀርቷል። በዚያ ሁሉ ጠዋት፣ ሰዓቱን ባየ ቁጥር፣ ከፊቱ የደረቀ ቅጠል ላይ የሚያልፍ የሸራ ጫማ ኮሽታ ነበር፤ ከዚያም ጎንበስ ሲባል የምትወጣ ትንሽ «እህ»። ከመጀመሪያዋ ቀጭታ በኋላ፣ ከሁለተኛዋ በፊት ነበር የሚመጣው። ሲሰማው ኖሯል። አንድም ቀን ግን ቀና ብሎ አላየም።

ሁለተኛዋን ቀጭታ ረሳት። ካሜራው አፉን እንደከፈተ ቀረ።

«ምን ሆነው ነው?» አለ ሕዝብ ግንኙነቱ ከአቡጀዲው በላይ አንገቱን አስግጎ።

«እሷ ናት» አለ ጋሽ ፎቶ። «እሷ ነበረች።»

«መጣች?» አለ የብረት ነጋዴው በሹክሹክታ፣ ባርኔጣውን እያወለቀ። መሣሪያዋም ጮኸች፤ ሕዝብ ግንኙነቱ በነጻ እጁ ስልኩን አውጥቶ ነበር።

ጋሽ ፎቶ ካሜራውን ከነእግሩ ተሸክሞ፣ አቡጀዲውን ከሕዝብ ግንኙነቱ እጅ ነጥቆ ሄደ። ኮሚቴው ጥቂት ከተወያየ በኋላ መንፈሷ በኮሚቴው አለባበስ ወይም በአቀባበሉ ቅር ተሰኝታለች የሚል ሪፖርት አቀረበ። የጥላው ሰፈር ባለበት እንዲቆይ፣ መንገዱ በፀሐዩ ሰፈር በኩል እንዲያልፍ ተወሰነ፤ የዚያ ሰፈር ሙታን ቅሬታ አላቀረቡም።

ፎቶ ቤት ሲደርስ ሚስቱ ባንኮኒውን እየወለወለች ነበር። በሩን ዘጋው። ካሜራውን በርጩማው ፊት አቆመ።

«ተቀመጪ» አላት።

አየችው። «ብርሃኑን ማን ይይዝልሃል?»

«እኔ።»

ጨርቁን ባንኮኒው ላይ አስቀምጣ፣ ፀጉሯን በእጇ አስተካክላ ተቀመጠች። የዕድሜ ልክ ሥራዋን በሠራችበት ክፍል ውስጥ ከዚያች በርጩማ ላይ ሆና ካሜራውን ፊት ለፊት አይታው አታውቅም፤ ከዚያ ሲታይ ክፍሉ ሌላ ነው። ዓይኑን ካሜራው ላይ ተከለ። ረጅም ጊዜ አየ። የሚያስተካክለው ነገር አልነበረም፤ ዝም ብሎ ነው ያየው። እሷም ገባት፤ ፊቷ ጋለ።

ቀጭ አድርጎ ከፈተና ሮጥ ብሎ ወደ መስኮቱ ሄደ፤ አቡጀዲውን ወጠረ። ጥቂት ሳይቆይ ክንዱ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ይሄ ነገር እንዲህ ይከብዳል እንዴ?» አለ።

ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ «ገና አሁን ነው?» አለችው።

ከዚያ የመዝጊያው ጊዜ መድረሱ ትዝ ሲለው፣ አቡጀዲውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ጎንበስ ብሎ በፊቷ አለፈና ዘጋው። እሷ አልተንቀሳቀሰችም። ትንፋሿን እንዳመቀች ናት።

«በቃ አላልከኝም» አለች።

«በቃ» አላት። ቀጥሎ ደግሞ፣ ከካሜራው ጀርባ ሳይሆን ከፊቷ ቆሞ፣ «አላየሁሽም ነበር» አለ። «ሰዓቴን ነው ሳይ የኖርኩት። አዳራሹ ውስጥ ያልኩትም... ሰው ሲያጨበጭብልኝ ነው ከአፌ ያመለጠኝ።»

«ያጨበጨቡት ካልክ በኋላ ነው» አለችው።

«ልክ ነሽ» አለ።

ፎቶውን ራሱ አጥቦ፣ የመስኮቱን የክብር ቦታ ይዞ የኖረውን የቀድሞውን ከንቲባ አውርዶ እሷን ሰቀላት። ፊቷ ፈክቷል፤ ሽበቷ፣ የአገጯ ጠባሳ፣ ያቺ ሳቅ ልትሆን ያሰበች የከንፈሯ ጥግ፣ ሁሉም አለ። በጎኗ ደግሞ፣ ግድግዳው በሰውነቱ ውስጥ እየታየ፣ ነጭ ነገር ትከሻው ላይ የጣለ ሰው ጎንበስ ብሏል።

የብረት ነጋዴው በመንገዱ ሲያልፍ ቆመ። መስኮቱን ተጠጋ። ሚስትየውን አላያትም፤ ከእሷ ጎን ያለውን ነው ያፈጠጠበት። በሩን ገፍቶ ገባ።

«አባቴ» አለ።

«እኔ ነኝ» አለ ጋሽ ፎቶ። «አቡጀዲ ይዤ ሳልፍ ነው። የእናትህም ፎቶ ላይ ያለችው ሚስቴ ናት፤ በቃ ማለት የረሳሁት እኔ ነኝ። ይኸው ጫማዬ፣ እየው።»

የብረት ነጋዴው ከላይ እስከ ታች አየውና ራሱን በሐዘን ነቀነቀ። «ጋሽ ፎቶ፣ አንተም እንደ ሚስትህ ጀመረህ?» ብሎ ወጣ። ጋሽ ፎቶ እግሩን እንደዘረጋ ቀረ። ሚስቱ ከመጋረጃው ኋላ ስትስቅ ተሰማ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ።

ለልጃቸውም ተላከላት። በዚያው ቀን ደወለች፤ ከበስተጀርባ የሕፃኗ ድምፅ «አያቴ! አያቴ!» ይላል።

«እማዬ፣ እንዴት ታምሪያለሽ። ልጅቷ ፎቶውን አልሰጥም ብላ አቅፋው ነው የዋለችው። ግን... ከጎንሽ ያለው ማነው? ሳየው ደነገጥኩ።»

ሚስትየው ወደ መስኮቱ አየች። ባሏ አንድ ተማሪ በርጩማው ላይ አስቀምጦ፣ ዛሬ ብርሃኑን እኔ ልያዝ ብሎ አቡጀዲውን አዙሮ ይታገለዋል።

«አባትሽ ነው» አለቻት። «ብርሃን ይዞልኝ ነው። እሱ ደግሞ ፎቶ ውስጥ ገብቶ ስለማያውቅ መውጫው ጠፍቶት ነው።»